ዲዳው ሽጉጥ ለማን ነው?

ገንዳ ውሃ ከተማ ላይ ምስጢሩ እንዲበተንለት የፈለገ ሰው ሬዲዮ አያስፈልገውም፤ ሰጠኝን ጠርቶ «ይቺን በልብህ ያዛት» ማለት ይበቃዋል። ሰጠኝ እኮ ወረኛ ሆኖ አይደለም። እንዲያውም ቃሉን ጠባቂ፣ የሰው ነገር አሳልፎ የማይሰጥ ጨዋ ሰው ነው። ጉዱ ድምፁ ነው። ከጎረምሳነቱ ጀምሮ የጭስ መውጫ ማርሚታው በተበሳ ትራክተር ላይ ተቀምጦ የአርማጭሆንና የመተማን ቆላ ሲያርስ ጆሮው ደነዘዘ፤ ጆሮው ሲደነዝዝ ጉሮሮው ሰፋ። አንድ እሑድ ቅዳሴ ላይ ቆሞ፣ ሹክ ያለ መስሎት ለሚስቱ «ነጠላሽ ወርዷል» ቢላት የሴቶቹ ወገን በሙሉ ነጠላውን አስተካከለ። የከተማው ጎረምሶች ሞንታርቦ ይሉታል። እሱ ግን ቀስ ብለው ስለሚሉት እስከ ዛሬ አልሰማም።

ይሄ ሰው ነው እንግዲህ ድምፅ የሌለው ሽጉጥ በምስጢር ሊፈልግ የተነሣው። ወይ ጉድ!

ነገሩ እንዲህ ነው። የበኩር ልጁ ሰርካለም፣ ጤና ጣቢያ የምትሠራዋ፣ ለዳግማ ትንሣኤ ልትዳር ነው። እናቷ የሻረግ ለድግሱ ብላ ያሳደገቻቸው ዶሮዎች ግቢውን ሞልተውታል። እህሉም፣ ዳሱም፣ ቅቤውም ተሟልቷል። ያልተሟላ አንድ ነገር ቢኖር የሙሽራዋ አጎት ነው፤ የሰጠኝ ታላቅ ወንድም፣ ባየልኝ።

ወንድማማቾቹ አራት ክረምት ሙሉ ተኳርፈዋል። ምክንያቱን ብነግራችሁ ትስቃላችሁ፤ እነሱ ግን አይስቁም። በአባታቸው ለቅሶ ላይ ሰጠኝ «ወየው አባቴ!» እያለ ሲጮኽ፣ ባየልኝ በሰው ፊት «ቀስ በል እንጂ፣ አባባን ልትቀሰቅሰው ነው እንዴ?» አለው። ለቀስተኛው መሳቅ ነውር መሆኑን እያወቀ ሳቀ። በገዛ አባቱ ለቅሶ የተሳቀበት ሰጠኝ ተነሥቶ ሄደ፤ ሰላምታም በዚያው ቀረ። አሁን ልጅ ሊድር ነው፤ በዚህ አገር ደግሞ አጎት ሳይቆም የሚዳር ልጅ ወግ የለውም። ሽማግሌ ልኮ እንዳይለምን፣ የተዋረድኩት እኔ ነኝ ይላል። ሳይለምን እንዳይቀር ሆዱ አይችልም። እንቅልፍ አጥቷል ምስኪን፤ ለሰው ግን የሚናገረው ስለ ዶሮዎቹ ብቻ ነው።

ዶሮዎቹም ቢሆኑ አልተረፉም። ጊዜው ዐቢይ ጾም ነው፤ ሰው ሁሉ ከሥጋ ርቋል። ሸለምጥማጥ ጾም አያውቅ! አንዱ መጥቶ ከሠርጉ በፊት ለራሱ መደገስ ጀመረ። የሰባችውን መርጦ ይወስዳል፣ ላባዋን ይተውላቸዋል። የሻረግ «ወንፊት ሽቦ ግዛና ቆጡን እንጠረው» አለች። ሰጠኝ ሳቀባት። የአርማጭሆ ሰው ሌባን በሽቦ ይለምናል? ክላሹን አነሣ።

እዚህ አገር ተኩስ ቋንቋ ነው። ወንድ ልጅ ሲወለድ ይተኮሳል፣ ሙሽራ ሲገባ ይተኮሳል፣ ሰው ሲሞት ይተኮሳል። ያለ ምክንያት አንዲት ጥይት ከጮኸች ግን ሁሉም የራሱን ትርጉም ይሰጣታል፤ ጊዜው እንደሆነ የታወቀ ነው። ጎህ ሲቀድ ሰጠኝ አንዴ ተኮሰ፤ ጥይቱ የገዛ ቆርቆሮውን በሳ። የታች ጎረቤቱ «ምን መጣ?» ብሎ በጥይት ጠየቀ፤ የላይኛው ጎረቤት ለታችኛው መለሰ። ባጃጆቹ አቅጣጫ ሳይመርጡ ፈረጠጡ። ወደ ጎንደር ሊነሣ የነበረው አውቶቡስ ትኬት የቆረጡትን ሁሉ መሬት ላይ ትቶ ብቻውን ተፈተለከ። ሸለምጥማጡ በግርግሩ መሃል አንዲት ዶሮ አንጠልጥሎ በሰላም ወጣ። የቀሩትም በድንጋጤ እንቁላል መጣል አቆሙ።

የሚሊሻው አዛዥ ታደገ መጥቶ፣ «ሰጠኝ፣ ሁለተኛ ከዚህ ግቢ ጥይት ከጮኸች ክላሽህን እወስዳለሁ» አለው።

ሰጠኝ «ከጮኸች» የምትለዋን ቃል ያዛት። ካልጮኸችስ?

በማግስቱ መተማ ዮሐንስ ወርዶ ኸሊፋን አገኘው። ኸሊፋ የትራክተር መለዋወጫ ነጋዴ ነው፤ በወጣትነቱ ከድንበሩ ማዶ ሱዳን ውስጥ የዱር አራዊት ጠባቂ ስለነበር የመሣሪያ ነገር ሲያወራ አፉ ምራቅ ይሞላል። ከርከዴ ሻይ አስቀዳለትና ችግሩን ሰማው።

«ያ ዞል፣ አንተ ሰው፣» አለ ኸሊፋ፣ «ትልቅ ጥይት የሚተፋ ሽጉጥ ምንም ብታደርገው ይጮኻል። አንተ የምትፈልገው ያቺን ትንሿን ነው። ጥይቷ ከባቄላ እምብዛም አትበልጥም። መምቻው ደግሞ የጥይቷን ቂጥ መሃል ለመሃል ሳይሆን ጠርዙን ነው የሚመታው። የሽጉጧ አፍ ላይ ድምፅ ማፈኛ ሲኖራት ጭብጨባ ነው የሚሰማህ። ጧ! ኸላስ፣ አለቀ።»

«አስተማማኝ ናት?» አለ ሰጠኝ። ሹክ ያለ መስሎታል። መንገድ ማዶ ሻይ የምትቀዳው ሴት በራዷን አስቀምጣ ዞረች።

«እሱ ላይ ነው ጣጣው። ይቺ እንደ ትልልቆቹ ያገኘችውን አትጎርስም፤ ምግብ ትመርጣለች። አንዷ የምትወደው ጥይት ሌላዋን ያንቃታል። ማፈኛ ሲኖራት ጭሷ ወደ ራሷ እየተመለሰ ሆዷን ያጠቁረዋል፤ ካላጸዷት መሃል ላይ ታኮርፋለች። መልኳን አትይ። ብልቷ ያነሰ፣ የቀረበላትን የማትንቅ፣ ብትቆሽሽ የማታኮርፍ፣ እሷ ናት አስተማማኝ።»

«ሽጉጥ ነው ሚስት የምትመርጥልኝ?»

«ሁለቱም ያለ ፈቃድ አይያዙም» አለ ኸሊፋ። «ያለ ፈቃድ ከያዝካት እሷ ዝም ብትል ዳኛው ይጮኽብሃል። ወላሂ ተዋት። እኔ የምሸጠው ፍሪሲዮን ነው።»

ሰጠኝ መጨረሻዋን አልሰማትም፤ ወይም መስማት አልፈለገም። የትራክተር ሰው ነውና የገባው በራሱ ቋንቋ ነው። ለካ ሽጉጥም እንደ ሞተር ማርሚታ አላት! ይሄን ይዞ ገንዳ ውሃ ሲመለስ ቀጥ ብሎ ወደ ባጃጅ ጠጋኙ ወደ ጌች ሄደ። የገበያ ቀን ነበር፤ ጋራዡ በር ላይ ሰው እንደ ጉንዳን ይርመሰመሳል።

«ጌች! ለሽጉጥ የሚሆን ማርሚታ አለህ?»

ጌች ከባጃጅ ሥር አንገቱን አወጣ። «ለምን ጋሽ ሰጠኝ?»

«ድምፅ እንዳይኖራት ነዋ! እዚሁ ጎረቤት ሆኖ ያስቸገረኝ አንድ ሌባ አለ። ማንም ሳይሰማ ጧ አድርጌ ልገላገለው!»

ጎማ የሚነፋው ሰውዬ ጎማውን ለቀቀው። ሽንኩርት የሚመዝነው ሚዛኑን ረሳ። ጌች ክንድ የሚያህል ዝገት የበላው የባጃጅ ማርሚታ አንሥቶ አሳየውና፣ «ያለኝ ይሄ ነው፤ ይሄ የተገጠመላት ሽጉጥ ግን ታርጋ ሳይኖራት መንገድ አትወጣም» አለው። ሰጠኝ ተቀይሞ ሄደ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ወሬው ከሰጠኝ ቀድሞ ቤቱ ገባ። አያችሁ፣ በዚህ አገር ቂም ያለው ሰው መሣሪያውን አንግቶ ይታያል፤ ይፎክራል፤ ጠላቱም ያውቃል፣ ሽማግሌም በመሃል ይገባል። ድምፅ የሌለው ሽጉጥ የሚፈልግ ሰው ግን ሽማግሌም፣ ዳኛም፣ እግዜርም እንዳይሰሙት የፈለገ ነው። ያውም ሰጠኝ! ሲያዛጋ እንኳ አገር የሚሰማው ሰው ዝምታ ከፈለገ ነገሩ ከርሯል ማለት ነው። «ለማን ይሆን?» ተባለ። እያንዳንዱም ቤቱ ገብቶ የራሱን ኃጢአት መቁጠር ያዘ። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤ ገንዳ ውሃ ላይ ግን ብቅል ሳይጠጣም ወጣ።

መጀመሪያ የመጣው የእርሻ ጎረቤቱ ማተቤ ነው፤ ሽማግሌዎች ከፊት አስቀድሞ። በየዓመቱ የሰጠኝን የሰሊጥ ማሳ ድንበር በትራክተር እየገፋ ወደ ራሱ ሲያስጠጋ የኖረ ሰው ነው። አጎንብሶ፣ በቀጭን ድምፅ፣ «በደሌን ታውቀዋለህ» አለ።

ሰጠኝ ጆሮውን አስጠጋ። «በግህን? የቱን በግህን?»

ማተቤ ሽማግሌዎቹን አየ፤ ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን ነቀነቁ። ካሣ መጠየቁ ነው አሉ በልባቸው። በማግስቱ ማተቤ ድንበሩን ወደ ቦታው መልሶ፣ አንድ ሙክት በግ እየጎተተ መጣ። ሰጠኝ ምንም ሳይገባው «ለሠርጉ ነው? እግዜር ይስጥህ» ብሎ ተቀበለና ግቢው መሃል ካለው ዛፍ ሥር አሰረው።

ጠላ ቤት ያላት አለምነሽ ቀጥላ መጣች። «ጋሽ ሰጠኝ፣ በልጆችዎ ይዤዎታለሁ፤ ለእርስዎ የምቀዳው ጠላ ውሃ ይበዛበት ነበር፣ ሞቅ ሲልዎ ድምፅዎ ደንበኛ እያባረረብኝ ነው» ብላ ተንሰቀሰቀች። እሱ የሰማው «ጠላ» የምትለዋን ብቻ ነበርና «ለሠርጉ ከሆነ ወፈር አድርጊው» አላት። ሴትዮዋ ነፍሷ መለስ አለች። ሚሊሻው ታደገ ሳይቀር ብቅ ብሎ፣ «ያን ቀን የተናገርኩህ ሥራ ሆኖብኝ ነው፤ በልብህ አትያዘው» አለ። ሰጠኝ ግቢው ሰው በሰው ሲሆን ልቡ ሞቀ። «አየሽ የሻረግ፣» አለ፣ «ሰው ለካ ይወደኛል!»

የሻረግ መለስ ብላ አየችውና ወደ ሥራዋ ዞረች።

በመጨረሻ ፖሊስ ጣቢያ ተጠራ። ያነጋገረችው ሀኒ የምትባል ወጣት ኢንስፔክተር ናት።

«ጋሽ ሰጠኝ፣ ዲዳ ሽጉጥ እየፈለጉ ነው ይባላል። ለማን ነው?»

«ለሸለምጥማጥ።»

ሀኒ ወንበሯን አስጠጋች። «ሸለምጥማጥ የማን ቅጽል ስም ነው?»

«የማንም አይደለም! ራሱ ሸለምጥማጡ ነው እንጂ! ዶሮ የሚበላው!»

«ባለ አራት እግሩ?»

«ባለ ጭራው!»

ሀኒ መጀመሪያ ሳቋን በኮፍያዋ ሸፈነችው፤ ከዚያ ኮፍያው አልበቃ አለ። እንባዋን ጠርጋ ሁሉንም አንድ በአንድ አስረዳችው። ማተቤ ለምን በግ እንዳመጣ፣ አለምነሽ ለምን እንዳለቀሰች፣ ከተማው ለምን በር በር እያየ እንደሚያድር። «እኔ እዚህ ከተመደብኩ ወዲህ እንዲህ ያለ ሰላም አላየሁም» አለችው። «ሰው ክሱን እያነሣ 'ታርቀናል' ይለኛል። ቢሆንም ሽጉጡን ይርሱት ጋሼ፤ ያለ ፈቃድ መግዛት ወንጀል ነው። ሽቦ ይግዙ።»

ሰጠኝ እየሳቀ ቤቱ ሮጠ፤ ለየሻረግም መንገደኛው ሁሉ ቆሞ እንዳይሰማ በትራስ አፉን ይዞ ነገራት። እሷ ግን ሳቋ አጭር ነበር። «እኔ ሽቦ ስልህ ሳቅክብኝ፤ ፖሊሷ ስትልህ ገባህ» አለችና ሄዳ ራሷ ገዛችው። ቆጡ ታጠረ። ሸለምጥማጡ መጥቶ ዙሪያውን ቃኝቶ፣ አፍንጫውን ወንፊቱ ላይ ለጥፎ፣ ተስፋ ቆርጦ ሄደ። ነገሩ እዚህ ላይ ማለቅ ነበረበት።

ለሰጠኝ ግን አላለቀም። ማታ ከእራት በኋላ ሳቁ ጠፋ። የበደለውም ያልበደለውም መጣ፤ ይቅር በለኝ ያላለ ሰው የለም። ባየልኝ ግን አልመጣም። ማተቤ እንኳ የፈራው ሽጉጥ ወንድሙን ከቤቱ አላወጣውም። በእውነት ያኮረፈው ሰው እሱ አንዱ ሆኖ ሳለ!

«ሂድ ራስህ» አለችው የሻረግ። «ታናሽ አይደለህ? ልጅህ አይደለችም የምትዳረው?»

«በአባቴ ለቅሶ ያሳቀብኝ እሱ ነው!»

«እንግዲያው ልጅህን ያለ አጎት ዳራትና ሰው በሠርጓም ይሳቅባት።»

ይቺ ገባችው። ሌሊቱን ተገላበጠ። ግን የአርማጭሆ ራስ ድንጋይ ነው፤ ሲነጋ ይዞት የተነሣው ሐሳብ ዕርቅ ሳይሆን ተንኮል ነበር። የባየልኝ ቤት ፊት ለፊት የዋሲላ ሱቅ አለ። ሰጠኝ እዚያ ሄዶ፣ ፊቱን ወደ ሱቁ ጀርባውን ወደ ወንድሙ በር አዙሮ፣ በ«ምስጢር» ጠየቀ።

«ዋሲላ! ድምፅ የሌለው ሽጉጥ መጥቷል ወይ?»

ዋሲላ ደነገጠች። «ኧረ ጋሽ ሰጠኝ፣ እኔ ያለኝ ስኳርና ሳሙና ነው።»

«ትንሿ! ባለ ባቄላ ጥይቷ! አስተማማኟ! ቸኩያለሁ በያቸው!»

ከጀርባው የወንድሙ በር ሲጢጥ ብሎ ሲከፈት ለእሱ ጆሮ እንኳ ተሰማ። በሩ ተመልሶ ተዘጋ። ሰጠኝ ሳሙና ገዝቶ ወደ ቤቱ ተመለሰ። ያን ቀን ሙሉ አልተናገረም፤ ጎረቤቶቹ ታመመ እንዴ ብለው መጥተው ጠየቁ።

በሦስተኛው ቀን፣ ፀሐይዋ አናት በምትበሳበት ሰዓት፣ የግቢው በር በዱላ ተመታ። ባየልኝ ነው። ሽማግሌ የለ፣ በግ የለ። ብቻውን። ሽበቱ በዝቷል፤ ከሲታ ሆኗል። ሰጠኝ ከዛፉ ጥላ ብድግ አለ።

«ዲዳ ሽጉጥ ትፈልጋለህ አሉ» አለ ባየልኝ፣ ከበሩ ሳያልፍ።

«አዎ ጋሼ።»

«ለእኔ ከሆነ ስማ! ለእኔ ከሆነ ባለ ድምፅ ግዛ! እኔ እንደ ዶሮ በጭብጨባ አልሞትም። ወንድሜ ከገደለኝ አይቀር አገር ይስማው! ሳንጃ ከተማ ድረስ ይሰማ! ይኸው መጣሁልህ፤ ቤቴ ደጅ እየመጣህ ሱቅ ለሱቅ አትጩኽብኝ!»

«ለእርስዎ አይደለም ጋሼ።»

«ለማን ነው ታዲያ?»

ሰጠኝ አንገቱን ደፋ። «ለሸለምጥማጥ።»

ባየልኝ ዱላውን ተደገፈ። «ለማን?»

«የሰርካለምን የሠርግ ዶሮ እየበላ አስቸግሮኝ ነው። በማርያም እውነቴን ነው።»

ባየልኝ ሄዶ በሩ አጠገብ ካለ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ፊቱ መጀመሪያ ቀላ፣ ከዚያ ጠቆረ። «እኔ እኮ ለእኔ ነው ብዬ ንስሐ ገብቻለሁ! ማሳዬን ለልጆቼ አካፍያለሁ! ሌሊቱን ሁሉ 'አሁን መጣ፣ አሁን መጣ' እያልኩ በሩን ሳልዘጋ ነው የማድረው። ለሸለምጥማጥ ነው? አራት ክረምት ያኮረፍኩህ ወንድምህ ከሸለምጥማጥ አነስኩብህ?»

«በሩን ለምን አልዘጉም ታዲያ?»

«ምናልባት ብትመጣ ብዬ ነዋ!»

የሻረግ ከበረንዳው ላይ ቆማ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ሰጠኝ ቀረበ። እጁን የሚያስቀምጥበት አጣ።

«እርስዎን ብገድል እኔ ማንን ላኮርፍ ነው ጋሼ?» አለ። «ሰው ሁሉ ሲመጣ እርስዎ ቀሩብኝ። ቂም ይዤ አይደለም፤ ናፍቄ ነው። እንዴት እንደሚጠራ ጠፋብኝና ነው ሱቅ ላይ የጮኽኩት።»

ባየልኝ ብዙ ጊዜ መሬቱን በዱላው ጫረ። «ያን ቀን የተናገርኩህ…» አለ፣ «እኔም ማልቀስ አቅቶኝ ነው። አንተ ስትጮኽ አባባን ከእኔ የበለጠ የወደድከው መሰለኝ። ቀናሁ።»

ሰጠኝ ከጎኑ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠ።

ባየልኝ ቀና አለ። «ሰርካለም የምትዳረው መቼ ነው?»

«ለዳግማ ትንሣኤ።»

«ከአንተ አፍ መቼ ሰማሁት?»

«ይኸው ነገርኩዎት ጋሼ።»

«ዛሬ!» ብሎ ባየልኝ ተነሥቶ ዱላውን መሬት ላይ መታ። «የሙሽራ አጎት እኮ ነኝ! ሠርጉ አፍንጫችን ሥር ደርሶ፣ ልብሴን የማሰፋው መቼ ነው፣ አንት ደንቆሮ?»

ሰጠኝ እንባውን እየጠረገ የወንድሙን እጅ ይዞ ወደ ቤት አስገባው።